አያቴ ሲቀርብ የምትወርደው መርፌ

ግራዝማች ገበየሁ የሣር ማጨጃ የገዙ ጊዜ በግቢያቸው የሚታጨድ ሣር አልነበረም። የነበረውን በጎች ጨርሰውት፣ የቀረው መሬት ቡና ማስጫ ሆኗል። ታዲያ ለምን ገዙት የሚል ሰው የዚያን ዘመን ጅማን አላየም። ማጨጃዋን የገዟት ሊያጭዱባት ሳይሆን ሊቀመጡባት ነው።

ወገባቸውን ቢያማቸው ሐኪሙ ከበቅሎ አወረዳቸው። መኪና ለመግዛት ገንዘቡ አላነሳቸውም። ነገር ግን "መኪና ሰውን በመስታወት ከድኖ ያሳልፈዋል፤ ውስጥ ያለሁት እኔ ልሁን የቡና ጆንያ ማን ለይቶ እጅ ይነሳል?" ይሉ ነበር። አንድ ቡና ገዢ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ከአልጋውና ከምጣዱ መሀል ቀይ ማጨጃ አዩ። መሪ አላት፣ ወንበር አላት፣ አራት ጎማ አላት፣ ፊቷ ላይ መብራት አላት፤ ጣራ ግን የላትም። ዞሯት፤ ወንበሯን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና "ይቺ በቅሎ ናት" አሉ። ቢላዎቿን አስፈትተው ወደ ግቢ አስገቧት።

እኔ ያኔ ጥርሴ የሚነቃነቅ ልጅ ነበርኩ። ለእኔ መኪና ናት። መኪና አይደለችም ያለኝን የጎረቤት ልጅ ነክሼዋለሁ፤ አንዱ ጥርሴም የወለቀው ያኔ ነው።

አያቴ ጎሳዬ የግራዝማች ባለሟል ነበር። አገሩ መንዝ ነው። ከግራዝማች ጋር ወደ ጅማ የወረደው ሁለቱም ጢማቸው ሳይጠቁር ነው። እናቴ በግራዝማች መጋዘን ቡና ስትለቅም ስለምትውል የማድረው የምውለው ከአያቴ ጋር፣ ከግቢው ጥግ ካለችው ክፍላችን ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ "መሄድ" እል ነበር። ግራዝማች በበቅሎ ሲወጡ በቀኝ በኩል፣ ምንሽሩን በትከሻው፣ አንድ እጁን ከኮርቻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ማጨጃዋ ስትመጣ እጁን ከኮርቻው ወደ ኋላ ጎማዋ መከለያ አዛወረ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

አካሄዳቸው መታየት ነበረበት። ግራዝማች ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ነጭ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እኩለ ቀን ላይ መብራቷን አብርተው ይወጣሉ። በፀሐይ መብራት ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በቅሎም ብትሆን ወርቀ ዘቦዋ ለብርድ አይደለም። ማጨጃዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንደሚያንኮራፋ ሰው ትጎተታለች። ዔሊ ብትቀድማት አያስገርምም ነበር። እኔ ይህን የክብር ፍጥነት ነው ብዬ አምን ነበር። ጌታ የሆነ ሰው የሚቸኩልበት ምን ጉዳይ አለው?

ደግሞ ሰላምታው አለ። ከደዶ ማር ጭኖ የመጣው፣ ከመስጊድ የሚመለሰው፣ ቡና የሸጠላቸውም ሊሸጥላቸው የሚፈልገውም እጅ ይነሳቸዋል። ግራዝማች የሰው ሰላምታ በሞተር ጩኸት ላይ አይቀበሉም፤ ነውር ነው። ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። "አካም ጅርቱ? ልጆች ደኅና? ከብቶቹ? ዝናቡስ?" ይባባላሉ። መብራቷ በርቶ ይጠብቃል። ከዚያ ቁልፉን አዙረው ያስነሷታል፤ ጥቂት ሄደው ሌላ ሰው።

ስለዚህ መጋዘኑ ጋ ሳይደርሱ አንድ ቦታ ላይ ቁልፉ ሲዞር ማጨጃዋ "ጥ" ብላ ዝም ትላለች።

በተለይ አንዱ ሐሙስ አይረሳኝም። ገበያው ጢም ብሏል። ማጨጃዋ ዝም ያለችው ልክ ሀዋ ሸንኮራ ከምትሸጥበት ፊት ለፊት ነው። ሀዋ የጅማ ገበያ ምላስ ናት። ቢላዋዋን ሸንኮራው ላይ እንዳቆመች ቀና ብላ አየቻቸውና፣

"ግራዝማች፣ ጭድ ላምጣላት?" አለች።

ገበያው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ግራዝማችም ከንፈራቸው ትንሽ ተነቃነቀ፤ ግን ፊታቸውን ከመንገዱ አላዞሩም። ኩሊዎች ተጠርተው ከኋላ ገፏት። ግራዝማች መሪዋን ይዘው ቀጥ እንዳሉ ነው፤ በእሳቸው ትእዛዝ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። አያቴ በቀኛቸው እያነከሰ ይከተላል። አሰንዳቦ ላይ ከቡና ጭነት መኪና ሲወርድ ጉልበቱ ተሰብሮ ወጌሻ ነው የጠገነው፤ ወጌሻው ጠገንኩት ብሎ ሄደ፣ ጉልበቱ ግን አልተስማማም።

በዚያ ቀን ማታ እትዬ ብርሃንነሽ፣ የግራዝማች ባለቤት፣ ሳይቆጡ ተናገሩ። እሳቸው ሳይቆጡ ከተናገሩ ነገሩ ቁርጥ ነው።

"ይቺ ነገር ወይ ትዳን፣ ወይ ትሸጥ። በገበያ መሀል መገፋት ለጠላትም አይሁን። ከነሹፌሩ መኪና ይገዛል።"

"ጎሳዬስ?" አሉ ግራዝማች።

"ጎሳዬማ በሩን ይጠብቃላ። ደክሞታል።"

አያቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰማል። ጌታው ባሉበት ተቀምጦ አያውቅም፤ ሲበሉም ቆሞ ነው፣ ሲተኙም የመጨረሻው ቋሚ እሱ ነው። ክፍላችን ስንገባ ጫማውን እየፈታ ለእኔ ሳይሆን ለጫማው እንዲህ አለው፦

"በር የሚጠብቅ ውሻ ነው። ከጌታዬ ጎን ካልሄድኩ እዚህ አገር ምን ሥራ አለኝ? መንዝ እገባለሁ።"

መንዝ የት እንደሆነ አላውቅም። ሰዎች የሚመጡበት እንጂ የሚመለሱበት አገር እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል። ፈራሁ። ማጨጃዋ ካልዳነች አያቴ የለኝም።

ሊያድናት የመጣው ሸኩር ነው። ሸኩር ከገበያው ማዶ ካለው ጋራዥ ለኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ የሚጠራ ሰው ነው። ሲናገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም አላህም ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ባትሪውን እየወሰደ ሞልቶ ይመልስ ነበር፤ ባትሪው ሞልቶ ይመጣል፣ ከሳምንት በኋላ ባዶ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ፊቷ መስታወት የሆነ ጥቁር ሣጥን ይዞ መጣ። "ቴስተር" ይላታል። በመስታወቱ ውስጥ እንደ ድመት ጢም የቀጠነች መርፌ አለች።

"ግራዝማች፣ ነገሩ ቀላል ነው" አለ፣ ቀዩን ሽቦ ከባትሪው አንድ ጫፍ፣ ጥቁሩን ከሌላው እያያዘ። "አልተርኔተር ማለት ላም ናት፤ ባትሪ ጥጃ ነው። ሞተሩ ሲዞር ላሚቱ ታልባለች፣ ጥጃው ይጠባል። አሁን የምናየው ላሚቱ ነጥፋ እንደሆነ ነው።"

"ጥጃው ክፉ ሆኖስ እንደሆነ?" አሉ ግራዝማች።

"ወላሂ እሱንም እናያለን።"

ማስጫው ላይ ቡናው ወደ ዳር ተጠርጎ ነበር። ሞተሩ ሳይነሳ መርፌዋ ወደ መሀል ወጥታ ቆመች። "ይሄ ጥጃው ተኝቶ ነው" አለ ሸኩር። ሞተሩን አስነስቶ ቤንዚኑን ሲሰጣት መርፌዋ ወደ ቀኝ ወጣች። መብራቷን አበራ፤ መርፌዋ ትንሽ ተነቀነቀችና እዚያው ቀኝ ቆመች። ሸኩር ጭንቅላቱን አከከ።

"አልሀምዱሊላህ፣ ላሚቱ ደህና ናት። እንግዲህ ግራዝማች፣ ሁልጊዜ እንደሚሄዱት ይሂዱልኝ።"

ቴስተሯን ከሞተሩ ክዳን ላይ በገመድ አሰራት። ግራዝማች ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ መብራቱን አበሩ። አያቴ ምንሽሩን አንስቶ በቀኝ በኩል ቆመ፣ እጁን አኖረ። ተነሡ። እኔ በግራ በኩል መርፌዋን እያየሁ እከተላለሁ።

መርፌዋ ወረደች።

ቀስ ብላ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ከቀኝ ወደ መሀል፣ ከመሀልም አልፋ ወደ ግራ ወረደች። ሸኩር አየ። ግራዝማችም አዩ። አያቴ ፊት ፊቱን ስለሚያይ አላየም።

"ቆይ ቆይ" አለ ሸኩር። "አሁን ጋሽ ጎሳዬ እዚህ ይቁም። እርስዎ ለብቻዎ እስከ አጥሩ ድረስ፣ ፈጠን ብለው።"

አያቴ ቀረ። ማጨጃዋ ጮኸች፤ እየሮጥኩ ነው የደረስኩባት። መርፌዋ ቀኝ ናት! ተመልሰው አያቴ አጠገብ ደረሱ፣ እጁን አኖረ፣ በአንድነት ሄዱ፤ መርፌዋ ወረደች። አያቴ ቀረ፣ መርፌዋ ወጣች። አያቴ መጣ፣ መርፌዋ ወረደች።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? ኤሌክትሪኩን የሚጠጣው አያቴ ነው።

ዛሬ የራሴ መኪና አለችኝ፤ አዲስ አበባም መንገድ ተዘግቶ መብራት አብርቶ መቆም የዕለት እንጀራ ነው። ሞተር በዝግታ ሲዞር አልተርኔተሩ የሚሰጠው ጥቂት እንደሆነ፣ መብራቱ ያን ጥቂት በልቶ ከባትሪው እንደሚበደር አውቃለሁ። በየሰላምታው ማጥፋትና ማስነሳት ደግሞ ለባትሪው የባሰ ነው። መርፌዋ የምትለካው አያቴን ሳይሆን ፍጥነቱን ነበር። ያኔ ግን አያቴና ዝግታው ተለያይተው አይቻቸው አላውቅም።

ሸኩር ለግራዝማች ምንም አላለም። ዕቃውን ሰብስቦ በጓሮ በኩል ወደ እትዬ ብርሃንነሽ ሄደ። እኔም በቡናው ጆንያዎች ኋላ ተከተልኩ።

"ምን ሆና ነው?" አሉት።

"እመቤቴ፣ ማሽኗ ከእኔና ከእርስዎ ትሻላለች። ከጋሽ ጎሳዬ ጋር ስትሄድ ትራባለች፣ ሲለያት ትጠግባለች። ያለው ይሄው ነው።"

"ታዲያ ለእሳቸው አትነግራቸውም?"

"ማሎ፣ እባክዎ እመቤቴ! እኔ ባትሪ ነው የምፈታው፣ ሰው አልፈታም።"

እትዬ ብርሃንነሽ የያዙትን ሰፌድ አንዴ አበጠሩትና፣

"ያውቃሉ እኮ" አሉ። "ከአሰንዳቦ ወዲህ እንዴት ቀስ ብለው እንደሚሄዱ አይቻለሁ። አውቀው ነው ዝም የሚሉት።"

ደነገጥኩ። ግራዝማች ያውቃሉ! አያቴ ኤሌክትሪካቸውን ሲጠጣ እያዩ፣ ብዙ እንደሚበላ እንግዳ፣ እንዳያፍር ብለው ዝም ብለውታል። እንዲህ ያለ ጌታ የት ይገኛል?

ያን ጊዜ መድኃኒቱን ራሴ ለመፈለግ ቆረጥኩ። ሸኩር ሽቦ ሲነካ የሚጫማው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በርባሶ ነበር፤ "ጎማ ካለ ኤሌክትሪክ አያልፍም" ሲል ሰምቼዋለሁ። ከጋራዡ ዘበኛ አንድ አሮጌ በርባሶ ለምኜ ለአያቴ አመጣሁለት።

"አባባ፣ ነገ ይሄን አድርግ።"

አገላብጦ አየው። እሱ የሚጫማው ከግራዝማች የወረደ ባለ ማሰሪያ የቆዳ ጫማ ነው፤ በየማታው በኑግ ዘይት ይወለውለዋል።

"የግራዝማች ገበየሁ ባለሟል በበርባሶ? ደሞ አንድ እግር ብቻ?"

"አንዱም ይበቃል።"

"ለምኑ?"

መናገር አልቻልኩም። ሰው አያቱን እንዴት "ትጠጣለህ" ይለዋል? አለቀስኩ። እሱም ጥርስሽ ነው ብሎ በጨው ውሃ አጉመጠመጠኝ።

በማግስቱ ሸኩር ተመለሰ። ፈረንጁ የታጨደ ሣር ይጭንባት የነበረች፣ ከማጨጃዋ ኋላ የምትታሰር ሁለት ጎማ ጋሪ ነበረች፤ ከመጣች ጀምሮ ዶሮዎች ሰፍረውባታል። ሸኩር ዶሮዎቹን አስወጣ፣ ጎማዎቹን ነፋ፣ ከማጨጃዋ ኋላ አሰራት፤ ቴስተሯንም ክዳኑ ላይ መለሳት። ከዚያ ግቢው ሁሉ በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ፍርዱን ሰጠ።

"ግራዝማች፣ አገኘሁት። ማሽኗ ኋላዋ ቀሏታል። ፈረንጁ ሣር ይጭንባት ነበር፤ ለምዳ መጥታ ባዶ ስትሄድ ጊዜ አትሞላም። ኋላዋ ላይ የሚከብድ ነገር መቀመጥ አለበት፤ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ፈጠን ነው።"

"ቡና ይጫንባታ" አሉ ግራዝማች።

"ቡና ይደርቃል፣ ክብደቱ ይቀንሳል። የማይቀንስ ነገር ነው የምትፈልገው። ሰው ቢሆን፣ ያውም መሣሪያ የያዘ ሰው…" አለና አያቴን ሳያይ አየው።

አያቴ ፊቱ ጠቆረ። "እኔ ነኝ እንደ ጆንያ የምጫነው?"

ሸኩር የጋሪዋን ማሰሪያ እንደገና አጠበቀ።

"ጌታዬ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ደግሞ ይቺ ጋሪ መቀመጫዋ ወደ ኋላ ነው። ለጌታዬ ጀርባዬን ልሰጥ?"

ግራዝማች ከወንበራቸው ሳይወርዱ ዞር ብለው አዩት። ብዙ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች እንደሚተያዩት ነው የተያዩት፤ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ጨርሶ ተራውን ሲጠብቅ።

"ጎሳዬ" አሉ፣ "ፊቴን እኔ ራሴ አያለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው። ኋላዬን የሚያይልኝ ማን አለ? ጀርባ ለጀርባ የሚቀመጡ እኮ የሚተማመኑ ናቸው። ደጀን ሁነኝ።"

አያቴ ነጠላውን አጣፋ። ከዚያ ምንሽሩን ለእኔ ሳይሰጥ፣ ለሸኩርም ሳይሰጥ፣ እንደያዘው እየተቃሰተ ወጣ። ተቀመጠ። የማያምነው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር የተቀመጠው።

ሄዱ። እኔ ከመርፌዋ ጋር እየሮጥኩ ነበር። ወጣች! አያቴ ከአንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ተቀምጦ መርፌዋ ቀኝ ናት! ማስጫውን ዞሩት፣ ደገሙት፤ እንዳለች ናት። ሸኩር "አላሁ አክበር" አለ፤ እትዬ ብርሃንነሽም እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነገሩ ሠርግ አለመሆኑ ትዝ ብሏቸው ተዉት።

ሸኩር ሁለቱንም ሽማግሌዎች በአንድ ውሸት አታለላቸው ብዬ ብዙ ዓመት አድንቄዋለሁ። እትዬ ብርሃንነሽ ዓይናቸው ደክሞ፣ ቤታቸው ጠብቦ፣ ልጠይቃቸው በሄድኩበት ቀን ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

"ሸኩር ከየት አምጥቶ? እሳቸው ናቸው እንጂ። መርፌዋ በወረደችበት ቀን ማታ ያን ወገብ ይዘው በእግራቸው ጋራዡ ድረስ ሄዱ። ያለ ጎሳዬ ከግቢ ሲወጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። 'ከእኔ አፍ ከወጣ ምጽዋት ይሆንበታል፤ ከአንተ አፍ ከወጣ ሙያ ነው' አሉት።"

እንግዲህ ያን ቀን ማስጫው ላይ ከነበርነው ውስጥ ያልገባን እኔና ማጨጃዋ ብቻ ነበርን።

ሐሙስ ወደ ገበያ ወጡ። ሰላምታውም መላ ተገኘለት። ግራዝማች ሳይቆሙ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ያልፋሉ፤ ወደ ኋላ የሚያየው አያቴ ደግሞ እጅ የነሳውን ሰው እያየ ራሱን ዝቅ ያደርግለታል፣ "ልጆች ደኅና? ከብቶቹ?" እያለ እስኪርቅ ድረስ ይጠይቀዋል። ሰዉ እንዲያውም የተሻለ ሰላምታ አገኘ፤ ድሮ ከግራዝማች ብቻ ነበር፣ አሁን ከፊትም ከኋላም ሆነለት። ማጨጃዋ በሀዋ ፊት ስታልፍ ሀዋ ቢላዋዋን አንስታ፣

"ጋሽ ጎሳዬ! ሹመቱ መቼ ወጣ?" ብላ ጮኸች።

አያቴ ለቀልድ መልስ አይሰጥም ነበር። ያን ቀን ግን ምንሽሩን አቅፎ፣ ነጠላው በነፋስ እየተውለበለበ፣ "አንቺ ሳትሰሚ!" አላት።

መጋዘኑ ደርሰው ግራዝማች ሞተሩን አጠፉ፤ እንደገና ሲያዞሩት ያለ ማንገራገር ተነሳች። የመኪናው ነገር ከዚያ በኋላ በቤቱ አልተነሳም። የመንዝም እንዲሁ።

ማታ አያቴ ደጃፋችን ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ አጠገቡ ሄድኩ። ደፈርኩ።

"አባባ፣ አሁን አትጠጣውም አይደል?"

"ምኑን?"

"ኤሌክትሪኩን።" መርፌዋን፣ የወረደችበትን፣ የወጣችበትን ሁሉ ነገርኩት። ስለ በርባሶውም ነገርኩት። ጨርሼ እስክተነፍስ አላቋረጠኝም። ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ፊቱ ላይ፣ አዲስ ልብስ የተሰጠው ሰው ልኩን ሲሞክር እንደሚያሳየው ያለ ፈገግታ መጣ።

"እግሬ መሬት ሲነካ ነው የምጠጣው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው። አሁን ግን ከፍ ብያለሁ።"

"ግራዝማች ያውቃሉ።"

"ያውቃሉ?" አለ። ወደ ትልቁ ቤት መስኮት አየ። "እንግዲያው እንዳወቅን አትንገሪያቸው።"